ጥቂት ዕቃ፣ ብዙ ፈላጊ፦ አነስተኛ ሱቆች ማንን ያስቀድማሉ?

አንድ ባለሱቅ ገና ገበያ ላይ ከዋለ አዲስ ዕቃ አምስት ብቻ ደረሰው እንበል። ደጁ ላይ ግን 50 ሰዎች ቆመዋል። አምስቱን መሸጥ ቀላል ነው። ከባዱ ባዶ እጃቸውን የሚመለሱትን 45 ሰዎች ሳያስቀይሙ መሸኘት ነው፤ ነገ ሌላ ዕቃ የሚገዙት እነርሱ ናቸውና።

ችግሩ የሚጀምረው ዕቃው ሱቁ ከመድረሱ በፊት ነው። እጥረት ሲኖር አከፋፋዮች ብዙውን ጊዜ የሚያስቀድሙት በብዛት የሚያዝዙ ትልልቅ መደብሮችን ነው። ለአነስተኛው ነጋዴ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው።

ለምን ዋጋ አይጨምርም?

ፈላጊ ሲበዛ ዋጋ መጨመር የገበያ ሕግ ይመስላል። ሸማቾች ግን እንዲህ አያዩትም። ዳንኤል ካህነማን፣ ጃክ ኔትሽ እና ሪቻርድ ቴለር እአአ በ1986 ባሳተሙት ጥናት፣ ከከባድ በረዶ ማግስት የበረዶ መጥረጊያ አካፋን ዋጋ ከ15 ወደ 20 ዶላር ስላሳደገ ሱቅ በካናዳ ሰዎችን ጠይቀው ነበር። 82 በመቶ የሚሆኑት አድራጎቱን ኢፍትሐዊ ብለውታል። የአንድ ቀን ትርፍ ለዓመታት የተገነባን አመኔታ ሊያሳጣ ይችላል።

ሰልፍ፣ ዕጣ ወይስ ነባር ደንበኛ?

በዚህም ምክንያት ብዙ ነጋዴዎች ዋጋውን ሳይነኩ ገዢውን የሚለዩበትን መንገድ ይፈልጋሉ። ሰልፍ ቀላል ነው፤ ሥራውን ትቶ መቆም የማይችለውን ግን ይጎዳል። ሰው ቀጥሮ ለሚያሰልፍ የአየር በአየር ነጋዴም ይመቻል። ዕጣ ለሁሉም እኩል ዕድል ይሰጣል፤ የዓመታት ደንበኛን ግን ከእንግዳው አይለይም። ነባሩን ማስቀደም ታማኝነትን ይክሳል፤ ለአዲሱ ግን በሩን ያጠባል።

ሁለቱን ያጣመሩም አሉ። ግንቦት 28/2017 ዓ.ም. ለገበያ የቀረበውን ስዊች 2 የተሰኘ የጨዋታ መሣሪያ ለመግዛት፣ በጃፓን በአምራቹ ኒንቴንዶ የበይነ መረብ መደብር 2.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ለዕጣ ተመዝግበው ነበር። ለመመዝገብ በቀድሞው መሣሪያ ቢያንስ 50 ሰዓት መጫወት ይጠበቅባቸው ነበር። ኩባንያው ብዙዎች እንደማይደርሳቸው አስቀድሞ በመግለጽ ይቅርታ ጠይቋል።

በፕሌይስቴሽን 5 እጥረት ወቅት ደግሞ አንዳንድ የጃፓን መደብሮች ዕቃው አትርፎ ለመሸጥ እንዳይመች የገዢውን ስም ካርቶኑ ላይ ይጽፉ ነበር።

ለአነስተኛው ሱቅ እነዚህን መከተል ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ለአንድ ሰው አንድ ብቻ መሸጥ፣ የደረሰውን ብዛት በግልጽ መለጠፍና ቀብድ ከዕቃው ቁጥር በላይ አለመቀበል በቂ ጅምር ነው።

በአዲስ አበባ የሸማቾች ኅብረት ሥራ ሱቆች ስኳርና ዘይት ለማግኘት ወረፋ የጠበቀ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ዕቃው ሲያልቅ መስማት ያበሳጫል። ይበልጥ የሚያስቆጣው ግን በጓሮ በር መውጣቱን ማየት ነው።