ለቀጭን ልጅ የትኛው ጠመንጃ?

አያቴ ምንሽሩን ያስተኮሰኝ በ12 ዓመቴ ነበር። ትከሻዬ በልዞ ከረመ፤ ከዚያ ወዲህ ቃታ ልስብ ስል ዓይኔ ቀድሞ ይጨፈናል። እዚህ ጆሃንስበርግ ቀጭኑ ልጄ አደን ልሂድ ሲለኝ የፈራሁት ይህንኑ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ የሚተኩስ እንስሳውን አቁስሎ ይሰደዋል።

ወዳጆቼ «308 ካሊበር ግዛለት፣ ያድግበታል» አሉኝ። ጠመንጃ ጫማ መሰላቸው! የመረጥኩት በ1955 እ.ኤ.አ. የወጣውን 243 ዊንቸስተር ነው። ጥይቱ ቀላል፣ ባሩዱም ጥቂት ስለሆነ ትከሻ ላይ የሚያሳርፈው ምት ከ308 ያነሰ ነው፤ ለስፕሪንግቦክና ለኢምፓላ ግን ይበቃል። ለኩዱ፣ ማለትም ለእኛው አጋዘን፣ አልመክረውም። ላባ የሚያህል ጠመንጃም አይምረጡ፤ ክብደቱ ምቱን ይውጣል። ሰደፉን በክንዱ ልክ አሳጠርኩለት። በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው የአገሩ ሕግ እንደሚያዝዘው፣ ሲተኩስ ባለፈቃዱ እኔ ከአጠገቡ አልለይም።

አስቀድሞ ግን ትከሻ በማይነካው 22 ወራት ተለማምዷል። እስካሁን ዓይኑን አልጨፈነም።