የኮመጠጠ ሁሉ ፕሮባዮቲክ ነው? ተረትና እውነታ

«እርጎ ጠጡ፣ ፕሮባዮቲክ ነው» የሚለው ምክር አሁን አሁን በየቦታው ይሰማል። እርጎ መልካም ምግብ ለመሆኑ ክርክር የለኝም፤ ወተቱን የሚያረጉት ላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎችም በውስጡ በሕይወት አሉ። ፕሮባዮቲክ ለመባል ግን ይህ ብቻ አይበቃም። የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት የሰበሰቧቸው ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ባስቀመጡት መለኪያ መሠረት ረቂቅ ተህዋሲው ሕያው መሆን፣ በበቂ መጠን መወሰድና ለወሰደው ሰው የጤና ጥቅም መስጠት አለበት። የቤታችን እርጎ የባክቴሪያ ዓይነትና ብዛት ደግሞ ከቅል ቅል፣ ከሰሞን ሰሞን ይለያያል።

የእንጀራው ነገር አጭር ነው። ሊጡ በሕያዋን የተሞላ ቢሆንም ምጣድ ላይ ያልቃሉ። ቢሆንም ማቡካቱ ከንቱ አይደለም፤ የጤፉን ብረትና ዚንክ አስሮ የሚይዘውን ፋይቴት ይቀንሳል። ይህ ጥቅም ባክቴሪያዎቹ ከሞቱም በኋላ አብሮ ይበላል።

ብዙ ሰው፣ የዘርፉ ተማሪዎች ጭምር፣ የሚሳሳተው «ላብራቶሪ ገብቶ አሲድና ሐሞት ከቻለ ፕሮባዮቲክ ነው» በሚለው ላይ ነው። ከእርጎ ወይም ከቦርዴ ተለይቶ የወጣ ባክቴሪያ ፒኤቹ 2 ወይም 3 በሆነ ፈሳሽ ውስጥ ለሦስት ሰዓት ያህል፣ ከዚያም 0.3 ከመቶ ሐሞት ባለበት ይቆይና የተረፈው ይቆጠራል። ይህ ወንፊት ነው፤ ደካማውን ያስቀራል እንጂ ያለፈው ሰውን እንደሚጠቅም አይናገርም።

ጀርም የመግደል ፈተናውም እንዲሁ በጥንቃቄ መታየት አለበት። ሳልሞኔላ በተዘራበት ሳህን ላይ ባክቴሪያው ያደገበት ፈሳሽ ጠብ ተደርጎ ሲያድር፣ በዙሪያው ምንም ያልበቀለበት ጥርት ያለ ክብ ይታያል። ክቡን ያየ ሰው መደሰቱ አይቀርም። ፈሳሹ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ወደ ፒኤች 6.5 ተመልሶ ሲሞከር ክቡ ከጠፋ ግን ሥራው የአሲዱ ነበር፤ ይህን ደግሞ ወተት የሚያኮመጥጥ ባክቴሪያ ሁሉ ይሠራዋል። ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድን የሚያፈርሰው ኢንዛይም ካታሌስ ሲጨመርበት ከጠፋ፣ ሥራው የሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ነበር። ሁለቱንም ተቋቁሞ ፕሮቲን በሚሰባብር ኢንዛይም ሲጠፋ ነው ባክቴሪዮሲን (ባክቴሪያ ሌላ ባክቴሪያን የሚገድልበት ፕሮቲን) መኖሩን መጠርጠር የሚቻለው። በሀገራችን ምግቦች ላይ የሚሠሩ ብዙ ጥናቶች እዚህ ደረጃ ላይ ቆመው በሰው ላይ ሳይሞከሩ መቅረታቸው ያሳዝነኛል። በእርጎና በቆጮ ውስጥ ያለው ሀብት ከዚህ የተሻለ ይገባዋል።

«ባክቴሪያው አንቲባዮቲክ የሚቋቋም ከሆነማ ይሻላል፤ ከመድኃኒት ጋር ይወሰዳል» የሚሉም አሉ። መቋቋሙ ቋሚ ተፈጥሮው ከሆነ፣ ብዙ ላክቶባሲለሶች ቫንኮማይሲንን እንደሚቋቋሙት፣ ብዙም አያሰጋም። ቴትራሳይክሊንን ለመቋቋም የሚያስችል ተላላፊ ጂን ከተሸከመ ግን አንጀት ውስጥ ለበሽታ አምጪ ባክቴሪያ ሊያቀብለው ስለሚችል መጣል አለበት።

ጥቅም በዝርያ ስም አይወረስም፤ የአንድ የተለየ ስትሬይን (በዝርያው ውስጥ ያለ ንዑስ ዓይነት) ነው፣ እሱም ለተወሰነ ሕመም። ሸርውድ ጎርባክና ባሪ ጎልዲን ከጤነኛ ሰው ያገኙት ኤልጂጂ የተባለ ስትሬይን በዓለም ላይ እጅግ ከተጠኑት ፕሮባዮቲኮች አንዱ ነው። አንቲባዮቲክ የሚያመጣውን ተቅማጥ በመከላከል ረገድ ደህና ማስረጃ አለው። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ ጥናት ግን አሜሪካ ውስጥ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት በያዛቸው ከ900 በላይ ሕፃናት ላይ ሲሞከር ከማስመሰያው መድኃኒት የተለየ ጥቅም አልታየበትም።

«ባይጠቅም አይጎዳም» የሚለው ደግሞ ይበልጥ ያሳስበኛል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2023 ያለጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት ፕሮባዮቲክ መስጠት ለከባድ የደም ኢንፌክሽን ሊዳርግ እንደሚችል አስጠንቅቋል። በእኛ ቤት ያለው አደጋ ካልፈላ ወተት የሚረጋው እርጎ ነው። ተመራማሪው ሞገሴ አሸናፊ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ እርጎ በሚረጋበት ጊዜ ሊስቴሪያን የመሳሰሉ ጀርሞች ምን እንደሚሆኑ አጥንተዋል፤ አሲዱ ይጫናቸዋል እንጂ ወዲያው አያጠፋቸውም። የብሩሴላና የከብት ቲቢ ስጋትም አለ። ስለዚህ ወተቱ ይፍላ፣ ለብ እስኪል ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ በእርጎ ይረጋ፤ ማርጊያው እርጎም ራሱ ከፈላ ወተት የተሠራ ይሁን።