ሲደክም የማይታወቅ ማጣሪያ

አንድ የገጠር መንደር የውሃ ማጣሪያውን ለማደስ ሲነሳ ውይይቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ዓይን ከሚያየው ነገር ነው። የተሰነጠቀ ታንከር፣ የዛገ ቧንቧ፣ የወደቀ አጥር፣ የማይነሳ ጀነሬተር ይቆጠራል። እነዚህን መጠገን ተገቢ ነው። ይሁንና በስምጥ ሸለቆ፣ ከወንጂ ተነስቶ በመቂና በባቱ (ዝዋይ) አድርጎ እስከ ሐዋሳ በሚዘልቀው ምድር፣ ብዙ ማጣሪያ የሚተከለው ዓይን የማያየውን፣ ምላስም የማይለየውን ፍሎራይድ ለመቀነስ ነው። ስለዚህ የእድሳት ዕቅድ ከሁሉ አስቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው፦ ማጣሪያው ሥራውን ያቆመ ቀን በምን እናውቃለን?

የችግሩ ምንጭ ከእግራችን ሥር ነው። የሸለቆው አለት በአብዛኛው እሳተ ገሞራ የተፋው ነው። የከርሰ ምድር ውሃ በዚህ አለትና አመድ መካከል ለረጅም ጊዜ ሲጓዝ ፍሎራይዱን እያሟሟ ይዞ ይሄዳል። ውሃው ካልሲየም ቢበዛበት ኖሮ ፍሎራይዱ ከካልሲየሙ ጋር ተጣምሮ በጠጣርነት ይቀር ነበር። የሸለቆው ውሃ ግን ሶዲየም የበዛበት፣ ካልሲየም ያነሰው በመሆኑ ፍሎራይዱ እንደሟሟ ይቆያል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በሸለቆው ከ10 ሚሊግራም በላይ የተለካባቸው ጉድጓዶች አሉ።

ይህን ውሃ እየጠጣ የሚያድግ ልጅ ቋሚ ጥርሱ የሚጎዳው ገና በድድ ውስጥ ሳለ ነው። ጥርሱ ከበቀለ በኋላ ቡናማ ቀለም ይይዛል፤ በመፋቂያም አይለቅም። ውሃውን ለብዙ ዓመታት የጠጣ ሰው ደግሞ አጥንቱና መገጣጠሚያው ይጠቃል፤ ጀርባው እየደረቀ መታጠፍ ያቅተዋል። ይህ ጉዳት በወንጂ ስኳር እርሻ ሠራተኞች ላይ በግልጽ የታየ ሲሆን፣ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በስምጥ ሸለቆው ስላለው የፍሎራይድ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1987 ጥናት አሳትመዋል። ውሃውን ማፍላት መፍትሔ አይሆንም፤ ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ ስለሚቀር ጭራሽ ይብሳል። ክሎሪንም ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አይነካም።

በአገራችን ገጠር የተሞከሩት ዋና ዘዴዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ስሙን ከሕንዱ የናልጎንዳ አውራጃ ያገኘው የናልጎንዳ ዘዴ ነው። ኦፕሬተሩ ታንከሩን በውሃ ይሞላና አሉሚኒየም ሰልፌትና ኖራ መዝኖ ይጨምራል። ከዚያ መጀመሪያ በፍጥነት፣ ቀጥሎ በዝግታ ያማስላል። ጥቂት ቆይቶ እንደተባዘተ ጥጥ ያለ ነገር በውሃው ውስጥ ይቋጠርና ፍሎራይዱን ይዞ ወደ ታች ይዘቅጣል። ከላይ የጠራው ውሃ ወደ ቦኖ ይሄዳል፣ ዝቃጩ ከሥር ባለው ቫልቭ ይወጣል። ሁለተኛው ዘዴ አየር በተመጠነበት ምድጃ ከከሰለ የከብት አጥንት የተዘጋጀ ከሰል ነው። ውሃው በከሰሉ መካከል ሲያልፍ ፍሎራይዱ ከሰሉ ላይ ይጣበቃል። አጥንቱ በቅጡ ካልከሰለ ውሃው ይሸታል፤ እሳት ከበዛበትም የመያዝ አቅሙ ይወርዳል።

ሁለቱም ዘዴዎች አንድ የጋራ ድክመት አላቸው። ፓምፕ ሲበላሽ ቦኖው ይደርቃል፣ ሰልፍ ይፈጠራል፣ ኮሚቴው በዚያው ቀን ይጠየቃል። የአጥንት ከሰሉ ሲጠግብ ወይም የአሉሚኒየም ሰልፌቱ ምጣኔ ሲጎድል ግን ውሃው እንደ ትናንቱ ጠርቶ፣ ጣዕሙም ሳይለወጥ ይወርዳል። ጀሪካኑ ይሞላል፣ ሒሳቡ ይከፈላል፣ ልጆች ይጠጣሉ። ሲሚንቶና ቀለም ይህን አይፈውሱትም።

መላው ያለው ከመለኪያው ነው። ከማጣሪያው በኋላ ተራ የውሃ ቆጣሪ ቢገጠም ከሰሉ ስንት ሜትር ኩብ እንዳሳለፈ ይታወቃል፤ የሚቀየርበትም ጊዜ በግምት ሳይሆን በቁጥር ይወሰናል። ቁጥሩን ከሌላ መንደር መዋስ አይቻልም፤ የጉድጓዱ ፍሎራይድ በበዛ መጠን ከሰሉ ቶሎ ይጠግባልና። ከዚህ በተጨማሪ ናሙና በየጊዜው በወረዳው የውሃ ጽሕፈት ቤት በኩል ተመርምሮ ውጤቱ ቦኖው ላይ መለጠፍ አለበት። ሴቶችና ልጆች የሚቀዱት ውሃ ምን እንደያዘ ማወቅ መብታቸው ነው።

ሌላው ጥያቄ የመጠን ነው። 500 አባወራና 2,500 ነዋሪ ያለው መንደር እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2020 ባበቃው ሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ መለኪያ ለአንድ የገጠር ነዋሪ በቀን 25 ሊትር ቢታሰብ፣ መንደሩ በቀን 62.5 ሜትር ኩብ ይፈልጋል። ፍሎራይዱ የሚያሰጋው ግን በሚጠጣውና ምግብ በሚበስልበት ውሃ ነው። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የተጣራ ውሃ ቢደርስ 10 ሜትር ኩብ ይበቃል። ለአንድ ሜትር ኩብ 600 ግራም አሉሚኒየም ሰልፌት ያስፈልጋል ብንል፣ ሁሉንም ውሃ ማጣራት በዓመት 137 ኩንታል ገደማ ይጠይቃል። የመጠጡን ብቻ ማጣራት ግን 22 ኩንታል ያህል ነው። የመጀመሪያውን መንደሩ ከቦኖ ገቢው አይችለውም። ሁለተኛውን የውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ተሰብስቦ ሊመክርበት ይችላል። ለዚህ ሲባል የልብስ ማጠቢያውና የመጠጡ ቦኖ መለየት አለበት፤ ይህም በዕቅዱ ሥዕል ላይ ከመጀመሪያው መግባት ያለበት ነው።

የናልጎንዳ ዘዴ ከተመረጠ ዝቃጩም ቦታ ይሻል። ከውሃው የወጣው ፍሎራይድ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ጉድጓዱ አጠገብ ከተደፋ ዝናብ መልሶ ያሰርገዋል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የተሻለ ምንጭ በቅርብ መኖር አለመኖሩ ይፈተሽ። ፍሎራይዱ አነስተኛ ከሆነ የደጋ ምንጭ በቧንቧ መሳብ ወይም ሁለት ውሃዎችን ማቀላቀል ከተቻለ፣ ግንባታው ቢወደድም የዕለት ተዕለት ሸክሙ ይቀላል። ማጣራት የሚመረጠው ይህ ሳይሆን ሲቀር ነው።

የውሃ ኮሚቴው ውል ከመፈረሙ በፊት ተቋራጩን ስለ ታንከሩ ብቻ አይጠይቅ። ከሰሉን ወይም ኬሚካሉን በየዓመቱ ማን ያቀርባል? በምን ገንዘብ? ውሃውን ማን ይለካል? ለእነዚህ በጽሑፍ መልስ ይጠይቅ። በጀቱ ካነሰም ከአጥሩና ከቀለሙ ይቀነስ፤ ያ በሚቀጥለው ዓመት ይሟላል። ከመለኪያው የተቀነሰ ገንዘብ ግን በልጆቻችን ጥርስና አጥንት ይከፈላል፤ ያ ዕዳ ደግሞ ተመልሶ አይሟላም።