«ጓያ ነው» ከማለት በፊት

ከጣና ሐይቅ በስተሰሜንና በስተምሥራቅ በተዘረጋው የደንቢያና የፎገራ ሜዳ አንድ ጎረምሳ እግሩ ከብዶት በጣቶቹ እየረገጠ መሄድ ሲጀምር መንደሩ ምክንያት ለማግኘት አይቸገርም። «ጓያ ነው» ይባላል፤ ነገሩም በዚያው ይዘጋል። ዱላ ይቆረጥለታል፣ ሞፈሩን ወንድሙ ይይዛል። ጎንደር ድረስ ወስዶ ማስመርመር ትርፉ ድካም ነው ተብሎ ይተዋል፤ ጓያ የሰበረውን እግር የሚያቃና መድኃኒት እንደሌለ ሁሉም ያውቃልና።

እውቀቱ ትክክል ነው። ጓያ ያደረሰውን ጉዳት የሚመልስ መድኃኒት እስካሁን የለም። ችግሩ ያለው እግሩን ማንም ሳይመረምር ስሙ ቀድሞ መውጣቱ ላይ ነው። ጓያን የሚመስሉ፣ ነገር ግን የሚድኑ በሽታዎች አሉ። ለአንዳንዶቹ የጥቂት ሳምንታት መዘግየት ሰውየውን ዕድሜ ልኩን አልጋ ላይ ሊያውለው ይችላል።

ጓያ ራሱ የሚወገዝ ሰብል አይደለም። ድርቅንም፣ ውኃ የሚተኛበትን መሬትም ይችላል፤ ክረምቱ ሲወጣ በዋልካ አፈር ውስጥ በቀረው እርጥበት ብቻ ያድጋል፣ ፕሮቲኑም ብዙ ነው። ሌላው ሰብል በከዳ ዓመት ቤተሰቡን የሚያቆየው እሱ ነው፤ ጉዳቱም የሚበረታው በዚያው ዓመት ነው። በውስጡ ኦዳፕ የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ተመራማሪዎች በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለይተው ያወቁት ይህ ንጥረ ነገር የነርቭ ሴሎች መልእክት ከሚለዋወጡበት ከግሉታሜት ጋር ስለሚመሳሰል፣ በግሉታሜት ቦታ ገብቶ ሴሉን ከልክ በላይ ይቀሰቅሰዋል። ጓያ ለሳምንታትና ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን፣ ከአንጎል ተነስተው በሕብለ ሰረሰር ወደ ታች የሚወርዱት የእንቅስቃሴ ነርቮች ይጎዳሉ፤ ከሁሉም በላይ እግርን የሚያዝዙት። እነዚህ ነርቮች ጡንቻን ከመንዳት አልፈው እንደ ልጓም ይገቱታልም። ልጓሙ ሲበጠስ ጡንቻው አይልፈሰፈስም፤ ይገተራል። ጓያ የያዘው ሰው ጉልበቶቹ እየተፋተጉ፣ እግሮቹ እየተጠላለፉ የሚሄደው ለዚህ ነው።

ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በደንቢያና በፎገራ አካሂደው በ1990 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት፣ ከ1,000 ሰው በአማካይ 6 ያህሉ የጓያ ተጎጂ ሆኖ ተገኝቷል። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በወሎ ደላንታ ዳውንት የተነሳውን ወረርሽኝ ያጠኑት ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው ደግሞ የአበላሉ ሁኔታ ለውጥ እንደሚያመጣ አሳይተዋል። እሸቱንና ንፍሮውን መብላት አደጋውን ይጨምራል፤ ከሌላ እህል ጋር መደባለቅ ይቀንሰዋል። እንፋሎቱ ይሰብራል፣ ገለባው ላይ የተኛ ይያዛል የሚባለው ግን መሠረት የለውም። መርዙ የሚገባው በአፍ ብቻ ነው።

ታዲያ በዚህ አካባቢ የእግር መገተር ሁሉ ጓያ ነው ብሎ መገመት ለምን ያሳስታል? ለጓያ «አለ» ወይም «የለም» የሚል የደም ምርመራ የለም። ሐኪሙ የሚደርስበት ታሪክ ጠይቆ፣ አካሉን መርምሮ፣ ሌሎቹን በሽታዎች አንድ በአንድ አስወግዶ ነው። ጓያ የራሱ ጠባይ አለው። ብዙ ጊዜ ወጣት ወንዶችን፣ ከባድ ሥራ ላይ እንዳሉ ወይም ከሥራው በኋላ ድንገት ይይዛል። ሁለቱንም እግር ይነካል፤ ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በኋላ ባለበት ይቆማል እንጂ ከዓመት ዓመት እየባሰ አይሄድም። ቆዳ አያደነዝዝም፣ አእምሮ አይነካም፣ ጀርባ አያጎብጥም።

ከእነዚህ ውጭ የሆነ ምልክት ሁሉ ጥያቄ ነው። ከሁሉ አስቀድሜ የምፈራው የአከርካሪ ቲቢን ነው። የቲቢ ባክቴሪያ በደም ተጉዞ የጀርባ አጥንት ላይ ያርፍና አጥንቱን ቀስ በቀስ ይበላዋል። አጥንቱ ሲደረመስ ወይም መግሉ ሲጠራቀም ሕብለ ሰረሰር ይጨመቃል፤ ያን ጊዜ እግር ይዝላል፣ ይገተራል፣ ከወገብ በታች ይደነዝዛል። ከዚያ በፊት ግን ለወራት ያስጠነቅቃል፦ የማይለቅ የጀርባ ሕመም፣ የማታ ላብ፣ ክብደት መቀነስ፣ አንዳንዴም ጀርባ ላይ ብቅ ያለ ጉብታ። ሕክምናው አለ፤ የቲቢ መድኃኒት በሀገራችን በነፃ ይሰጣል፣ ለአከርካሪ ቲቢ የሚወሰደውም ለ12 ወራት ነው። በጊዜው ከተጀመረ ብዙዎች ተነስተው ይሄዳሉ። ስለ ወጌሻም እዚህ ላይ አንድ ነገር ማለት አለብኝ። ወጌሻ ለወለምታ ባለሙያ ነው፤ በቲቢ የተበላ አከርካሪ ግን መታሸትም መጎተትም የለበትም። አጥንቱ ከቦታው ቢንሸራተት ሕብለ ሰረሰሩን ይጎዳዋል።

ሌሎችም አሉ። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት እግርን ያደነዝዛል፣ ሚዛን ያስታል፤ በመርፌ ይታከማል። ሕብለ ሰረሰርን የሚጫን ዕጢ ቀስ እያለ አንዱን እግር ከሌላው አብልጦ ሊያደክም ይችላል፤ በቀዶ ሕክምና ሊወጣ የሚችልበት ጊዜ አለ። ኤችአይቪና ቂጥኝም ሕብለ ሰረሰርን ይጎዳሉ፤ ሁለቱም በቀላል የደም ምርመራ ይታወቃሉ። በቀናት ውስጥ ከእግር ወደ ላይ የሚወጣ መልፈስፈስ ደግሞ የመተንፈሻ ጡንቻ ላይ ሊደርስ ስለሚችል ለነገ የሚባል አይደለም።

«ስፔሻሊስት የት ይገኛል?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኒውሮሎጂ ስፔሻሊቲ ሥልጠና የተጀመረው በ2006 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ የነርቭ ሐኪም ዛሬም በየወረዳው አይገኝም። ይሁንና የመጀመሪያውን ጥያቄ ለመመለስ ስፔሻሊስት አያስፈልግም። ጉልበት በትንሽ መዶሻ ሲመታ እግሩ ምን ያህል ይፈናጠራል? የውስጥ እግር ሲጫር አውራ ጣት ወደ ላይ ይነሳል ወይስ ወደ ታች ይታጠፋል? ጥጥ ሲነካው የት ድረስ ይሰማዋል? ጀርባው ሲዳሰስ የሚያመው ቦታ አለ? ይህ ሁሉ በጤና ጣቢያ፣ በጥቂት ደቂቃ፣ ያለ ማሽን የሚታይ ነው። ያለ ስፔሻሊስት መሥራት እንደሚቻል ምሳሌ አለን፤ በጎንደር አካባቢ የሚጥል በሽታ ክትትል በገጠር ጤና ጣቢያዎች በነርሶች እጅ ሲሰጥ ቆይቷል፤ ዛር ወይም ለከፋ ተብሎ ክብሪት የሚጫርለት ሰው በየወሩ ክኒኑን ከቅርብ ጤና ጣቢያ መውሰድ ችሏል።

ወጪው ግን እውነተኛ ወጪ ነው። መኪና ተሳፍሮ ጎንደር መግባት፣ የአስታማሚ ቀለብ፣ በአጨዳ ወቅት የባከነ ቀን፤ ይህን የሚያሰላ ገበሬ ቸልተኛ አይደለም። ስለዚህ መንገዱን በደረጃ መሄድ ይሻላል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያለው ሰው ከጤና ጣቢያ ተነስቶ የሪፈር ወረቀት ይዞ ሲሄድ ወጪው ይቀልለታል። ለሁሉም ሰው ኤምአርአይ ያስፈልጋል ማለትም አይደለም። ከ10 ዓመት በፊት በጓያ ተይዞ፣ ከዚያ ወዲህ ምንም ያልተለወጠ፣ ስሜቱና ሽንቱ ደህና የሆነ ሰው ላሟን ሸጦ ፎቶ ቢነሳ የሚያተርፈው ጥቂት ነው። ያው ሰው ዘንድሮ አዲስ የጀርባ ሕመም ከጀመረው ግን እንደማንኛውም ሰው እንደገና መታየት አለበት። አንድ ጊዜ የጓያ ተጎጂ የተባለ ሰው የሚመጣበት ሕመም ሁሉ በጓያ ላይ ሲለጠፍ ማየት ያሳዝነኛል።

መልሱ ጓያ ሆኖ ቢገኝስ? ያኔም መመርመሩ ከንቱ አይደለም። የታመመው ሰው ጓያ መብላቱን ያቆማል፣ የቀሩት የቤቱ ልጆች ሳይያዙ ማዕዱ ይለወጣል፣ የተገተረውን ጡንቻ የሚያፍታታ እንቅስቃሴ ይማራል። «መርገም ነው» የሚለውም ወሬ ይቆማል። ጠበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፤ ምርመራውንና የታዘዘለትን መድኃኒት ግን ስለ ጠበሉ አያቋርጥ።

በቤታችሁ እግሩ የዛለ ሰው ካለ ዛሬ ጀርባውን ግለጡና እዩ፤ ሽንቱን መቆጣጠር ይችል እንደሆነ፣ ከወገቡ በታች ስሜት እንዳለው ጠይቁት። ሽንቱ ከተያዘ ወይም ካመለጠው፣ እግሩም በቀናት ውስጥ እየባሰ ከሄደ የገበያ ቀን አትጠብቁ። በዚያው ዕለት ሆስፒታል አድርሱት።