የአሜሪካ የጤና አጠባበቅ ማሻሻያና የፓርቲዎች ክፍፍል

የአሜሪካ የጤና አጠባበቅ ማሻሻያ ክርክር፣ ለሕክምና ወጪ ማን ይክፈል፣ መንግሥትስ ምን ያህል እጁን ያስገባ በሚለው ጥያቄ ላይ በዴሞክራቲክ ፓርቲና በሪፐብሊካን ፓርቲ መካከል ለረጅም ዘመን የቆየ የፖለቲካ ሙግት ነው። ከ2010 ወዲህ የክርክሩ ማዕከል የሆነው በተለምዶ ኦባማኬር እየተባለ የሚጠራው ሕግ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ክፍፍሉ ብዙ ጊዜ የግራና የቀኝ አስተሳሰብ ግጭት ብቻ ተደርጎ ይቀርባል። ታሪኩ ግን ከዚህ የተወሳሰበ ነው፤ በሕጉ ውስጥ በጣም የተጠላው አንቀጽ መጀመሪያ የታሰበው በወግ አጥባቂዎች ዘንድ ነበር።

የሥርዓቱ አመጣጥ

አሜሪካ ለሁሉም ዜጋ የሚያገለግል አንድ ወጥ የጤና መድን የላትም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መንግሥት የደሞዝ ጭማሪን ገድቦ ስለነበር፣ ሠራተኛ ያጠራቸው ድርጅቶች በደሞዝ ፈንታ የጤና መድን እየሰጡ ሰው ይስቡ ጀመር። አሠሪው የሚከፍለው አረቦን፣ ማለትም ለመድን ድርጅት በየጊዜው የሚገባው ክፍያ፣ በሠራተኛው ላይ ግብር የማይቆረጥበት መሆኑ ልማዱን አጸናው። ዛሬም ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ መድን የሚያገኘው በአሠሪ በኩል ነው። ማንም አቅዶ ያልሠራው ይህ አካሄድ ለኋለኛው ክርክር ሁሉ መሠረት ጣለ፤ መድን ያለው ብዙኃኑ ማንኛውንም ለውጥ የሚያየው ያለውን እንዳያሳጣው በመፍራት ነው።

ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን በኖቬምበር 1945 አገር አቀፍ የጤና መድን እንዲቋቋም ለኮንግረስ ሐሳብ አቀረቡ። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ግን ሐሳቡን ከሶሻሊዝም ጋር አያይዞ ዘመተበት፤ ዕቅዱም ከሸፈ። ሃያ ዓመት ቆይቶ፣ በጁላይ 30 ቀን 1965፣ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የአረጋውያን መድን የሆነውን ሜዲኬርንና የድሆች መድን የሆነውን ሜዲኬይድን የሚያቋቁመውን ሕግ ፈረሙ። የፈረሙትም በትሩማን ከተማ በኢንዲፔንደንስ፣ ሚዙሪ ሲሆን፣ የመጀመሪያውን የሜዲኬር መታወቂያ ለትሩማን ሰጡ። ያን ሕግ 70 ሪፐብሊካን የተወካዮች ምክር ቤት አባላትና 13 ሪፐብሊካን ሴናተሮች ደግፈውታል። በ1974ም አሠሪዎች ሁሉ ለሠራተኞቻቸው መድን እንዲሰጡ የሚያስገድድ ዕቅድ ያቀረቡት ሪፐብሊካኑ ሪቻርድ ኒክሰን ነበሩ።

ሐሳቡ ጎራ እንደቀየረ

ከአረጋዊም ከድሃም ያልተቆጠረ፣ በአሠሪውም በኩል መድን የማያገኝ ሰው፣ ለምሳሌ የታክሲ ሾፌር ወይም የትንሽ ሱቅ ባለቤት፣ መድን የሚገዛው በራሱ ነበር። ስኳር ወይም የልብ ሕመም ካለበት የመድን ድርጅቱ ሊከለክለው ወይም ከአቅሙ በላይ ሊያስከፍለው ይችላል። ድርጅቶቹ የታመመውን አትከልክሉ ቢባሉ ደግሞ ጤነኛው እስኪታመም ድረስ ሳይገዛ ይጠብቃል። የሚከፍሉት በሽተኞች ብቻ ሲሆኑ አረቦኑ ይንራል፣ ገበያውም ይፈርሳል። ለዚህ የቀረበው መፍትሔ ሦስት ነገሮችን አንድ ላይ ማሰር ነበር፦ ማንንም በነባር ሕመም ምክንያት አለመከልከል፣ ሁሉም ሰው መድን እንዲገዛ ማስገደድ፣ አቅም ለሌለው ደግሞ ድጎማ መስጠት።

የግዴታውን ሐሳብ በ1989 ያስተዋወቀው ወግ አጥባቂው የሄሪቴጅ ፋውንዴሽን ነው። መከራከሪያው ሕክምናውን የሚከፍለው ማኅበረሰቡ ስለሚሆን እያንዳንዱ ሰው የራሱን ኃላፊነት ይወጣ የሚል ነበር። በ1993 ቢል ክሊንተን የራሳቸውን ዕቅድ ሲያቀርቡ፣ ሪፐብሊካኑ ሴናተር ጆን ቻፊ ግዴታውን የያዘ አማራጭ ረቂቅ አቀረቡ። ሁለቱም አልጸደቁም። በኤፕሪል 2006 ግን የማሳቹሴትስ አገረ ገዥ የነበሩት ሪፐብሊካኑ ሚት ሮምኒ፣ ሦስቱን ነገሮች አጣምሮ የያዘ ሕግ በግዛታቸው ፈረሙ፤ በሥነ ሥርዓቱ ላይ አንጋፋው ዴሞክራት ሴናተር ቴድ ኬኔዲ አብረዋቸው ነበሩ።

ባራክ ኦባማ ይህንኑ ንድፍ ለመላ አገሪቱ ሲያቀርቡት ግን ከሪፐብሊካን ወገን የሚቀበለው ጠፋ። ሴኔቱ በዲሴምበር 24 ቀን 2009 በ60 ለ39 ድምፅ አሳለፈው። ስድሳ ድምፅ ተቃዋሚ ክርክሩን እያራዘመ ረቂቅ እንዳያግድ የሚያስፈልገው ቁጥር ነው፤ ዴሞክራቶች ኬኔዲ በሞት በለቀቁት ወንበር ላይ በጃንዋሪ 2010 ሲሸነፉ ያ ቁጥር ጎደለ። ስለዚህ የተወካዮች ምክር ቤት የሴኔቱን ጽሑፍ እንዳለ በ219 ለ212 ተቀበለው፤ 34 ዴሞክራቶችም ተቃውመውታል። ኦባማ በማርች 23 ፈረሙ። በመጨረሻው ድምፅ አንድም ሪፐብሊካን አልደገፈውም። ሮምኒ በ2012 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ፣ በማሳቹሴትስ የሠሩትን በአገር ደረጃ እንሽራለን ብለው መቀስቀስ ግድ ሆነባቸው።

የተቃውሞው ምክንያት ጥላቻ ብቻ አልነበረም። ሪፐብሊካኖች መንግሥት ዜጋን ዕቃ ግዛ ብሎ ሊያስገድድ አይገባም ይላሉ፤ ድጎማ የማይደርሳቸው መካከለኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች አረቦናቸው መጨመሩንም ያነሳሉ። ኦባማ የወደዳችሁትን መድን ይዛችሁ ትቀጥላላችሁ ብለው ደጋግመው ቃል ገብተው ሳለ፣ በ2013 ሚሊዮኖች የውል ማቋረጫ ደብዳቤ ደርሷቸዋል፤ ፕሬዚዳንቱም በይፋ ይቅርታ ጠይቀዋል። በሌላ በኩል በ2009 መንግሥት ለአረጋውያን የሞት ፍርድ የሚሰጥ ኮሚቴ ሊያቋቁም ነው ተብሎ የተነዛው ወሬ ፈጽሞ ሐሰት ነበር።

ፍርድ ቤቱና ግዛቶቹ

በጁን 2012 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ5 ለ4 ድምፅ ግዴታውን አጸና፤ ዋና ዳኛ ጆን ሮበርትስ ቅጣቱን እንደ ግብር ቆጥረውታል። ያው ውሳኔ ግን ሜዲኬይድን ለሌሎች ድሆች ማስፋት ለግዛቶች በፈቃድ እንዲሆን አደረገ። ብዙም ያልተወራለት ይህ ክፍል ውጤቱ ከባድ ነበር። ሕጉ ድሆች ሁሉ በሜዲኬይድ ይሸፈናሉ ብሎ ስላሰበ፣ የመድን መግዣ ድጎማው የሚጀምረው ከድህነት ወለል በላይ ካለ ገቢ ነው። ስለዚህ ሜዲኬይድ ባልሰፋበት ግዛት፣ ትንሽ የተሻለ ገቢ ያለው ሰው ድጎማ ሲያገኝ ከእሱ የሚደኸየው ጎረቤቱ ባዶ እጁን ይቀራል።

በዚህ ረገድ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው አካባቢዎች ጥሩ ማሳያ ናቸው። በዋሽንግተን ዲሲና በሜሪላንድ ማስፋፊያው በ2014 ሲጀመር፣ ፖቶማክን ተሻግሮ ያለችው ቨርጂኒያ የጀመረችው በ2019 ነው። ዳላስ የምትገኝባት ቴክሳስ ግን ሳታሰፋ ቆይታለች። እስከ 2025 ድረስ 40 ግዛቶች አስፍተዋል፤ ከነዚህም ውስጥ እንደ አይዳሆ፣ ዩታ፣ ኦክላሆማና ሚዙሪ ባሉ ሪፐብሊካን በሚያይልባቸው ግዛቶች ጉዳዩን የወሰነው ሕዝቡ ራሱ በቀጥታ በሰጠው ድምፅ ነው። ፓርቲውን የሚመርጠው ሰው የፓርቲውን አቋም በሙሉ አይቀበልም ማለት ነው።

የመሻር ሙከራዎች

በኦክቶበር 2013 በሕጉ የተነሳ የፌዴራል መንግሥቱ ሥራ ለ16 ቀናት ተቋረጠ። ዶናልድ ትራምፕ ሥልጣን ከያዙ በኋላ ሪፐብሊካኖች ሁለቱንም ምክር ቤቶች ይዘው ስለነበር ሕጉ ያበቃለት መስሎ ነበር። የተወካዮች ምክር ቤት በሜይ 2017 በ217 ለ213 መሻሪያውን አሳለፈ። በጁላይ 28 ሌሊት ግን በአንጎል ካንሰር የታመሙት ሴናተር ጆን ማኬይን አውራ ጣታቸውን ወደ ታች አድርገው ተቃወሙ፤ ከሱዛን ኮሊንስና ከሊሳ መርካውስኪ ጋር ሆነው የፓርቲያቸውን ረቂቅ በ51 ለ49 ጣሉት። የሕጉ ተወዳጅነት ከፍ ያለው ሊሻር በተቃረበበት በዚያው ዓመት መሆኑም አስገራሚ ነው። በ2018 ምርጫ ነባር ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ጥበቃ መሻር የሚል ሪፐብሊካን ተወዳዳሪ እየጠፋ መጣ።

ግዴታውን በተመለከተ፣ ኮንግረሱ በዲሴምበር 2017 ቅጣቱን ወደ ዜሮ አወረደው፤ ከ2019 ጀምሮም ተፈጻሚ ሆነ። ለሠላሳ ዓመት ያህል ያለ እሱ ገበያው ይፈርሳል ሲባል የነበረው ግዴታ ሲነሳ ገበያው አልፈረሰም። ሰውን በመድን ውስጥ ያቆየው በዋናነት ድጎማው ነበር ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ትግሉ ወደ ገንዘቡ ዞረ። ዴሞክራቶች በ2021 ድጎማውን ጨመሩ፤ በ2022ም ጭማሪውን እስከ 2025 መጨረሻ አራዘሙት። በ2010 16 በመቶ ገደማ የነበረው መድን የሌለው ሕዝብ በ2023 ወደ 8 በመቶ ወርዷል። በጁላይ 2025 ትራምፕ የፈረሙት ሕግ ደግሞ የሜዲኬይድን ወጪ የሚቀንስ ሲሆን፣ በማስፋፊያው የተሸፈኑ ብዙ ጎልማሶች በወር 80 ሰዓት መሥራታቸውን እንዲያስረዱ ያዛል። ዴሞክራቶች የድጎማው ጭማሪ ካልተራዘመ በጀት አንደግፍም በማለታቸው መንግሥት ከኦክቶበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ለ43 ቀናት ተዘጋ። መንግሥቱ የተከፈተው ጭማሪው ሳይራዘም ነው።