ከወላጅ ወደ ልጅ ስለሚተላለፍ አንድ ደዌ

ልጅ ከወላጆቹ የሚወርሰው ርስትና ገንዘብ ብቻ አይደለም። መልክንና ቁመትን ይወርሳል፤ አንዳንድ ጊዜም ወላጁ ራሱ እንዳለበት ያላወቀውን ደዌ ይወርሳል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናስረዳ ያሰብነው ከእነዚህ አንዱን ነው። የሚገኘው እጅግ ጥቂት በሆኑ ቤተ ሰቦች ቢሆንም፣ ትምህርቱ ለብዙ ቤት ይጠቅማል።

በ1977 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቈጣጠር፣ ዶክተር አሚን ባራካት የተባሉ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋራ ሆነው፣ በአንድ ቤተ ሰብ ልጆች ላይ ሦስት ሕመሞች አብረው መገኘታቸውን ጽፈው ገለጹ። ስለዚህም ደዌው በስማቸው ተጠራ።

አንደኛው ሕመም የዕጢ ድካም ነው። በአንገታችን፣ ከእንቅርት ዕጢ በስተ ኋላ፣ ምስር የሚያህሉ አራት ዕጢዎች አሉ። ሥራቸው ሆርሞን እያመነጩ በደም ውስጥ ያለውን የካልሲየም መጠን መጠበቅ ነው። ሲደክሙ ካልሲየም ይጐድላል፤ ከንፈርና ጣት ይደነዝዛል፤ እጅና እግር ይኰማተራል፤ ሲበረታም ልጁ እየተንቀጠቀጠ ይወድቃል። ሁለተኛው የመስማት ጉድለት ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም ጆሮ ይይዛል። ሦስተኛው የኵላሊት ነው፤ አንዱ ሳይፈጠር ይቀራል፣ ወይም አንሶ ይፈጠራል። ሦስቱም በሁሉ ላይ አይታዩም፤ በአንድ ቤት እንኳ ለአንዱ ይከብዳል፣ ለሌላው ይቀላል።

ምክንያቱ በ2000 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቈጣጠር ታወቀ። ይኸውም በ10ኛው ክሮሞሶም ላይ ያለው፣ ጋታ 3 የተባለው ጂን መበላሸቱ ነው። ደዌው ካለበት ወላጅ የሚወለድ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕጣው ከሁለት አንድ ነው። ከአባትም ከእናትም ሊመጣ ይችላል፤ አንዳንድ ጊዜም ከሁለቱም ሳይመጣ በልጁ ላይ አዲስ ይጀምራል። እንግዲህ ባል በሚስቱ ዘር፣ ሚስትም በባሏ ዘር ማላከኳ ትዳርን ያፈርስ እንደ ሆነ እንጂ ለልጁ ምን ይረባዋል?

እኛን እጅግ የሚያሳዝነን ሌላ ነገር ነው። ልጅ ተንቀጥቅጦ ሲወድቅ ጋኔን ያዘው ብለው ክብሪት እየጫሩ የሚያሸቱት አሉ። ጠርተውት ዝም ሲል እምቢተኛ ነው ብለው የሚገርፉትም አሉ። የመጀመሪያው ምናልባት ካልሲየም የጐደለው ነው፤ ሁለተኛውም ምናልባት ያልሰማ ነው። ያልሰማን ልጅ አልታዘዝህም ብሎ መቅጣት፣ መጥሪያ ያልደረሰውን ሰው በሌለበት እንደ መፍረድ ነው።

ደዌው ከሥሩ ባይነቀልም ሕክምና አለው። ለዕጢው ካልሲየምና የቪታሚን ዲ መድኃኒት ይሰጣል። ነገር ግን መጠኑ ሲበዛ ያንኑ ደካማ ኵላሊት ስለሚጎዳ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝና ያለ ደም ምርመራ አይወሰድም። ለጆሮ የመስሚያ መሣሪያ አለ፤ ኵላሊትም በየጊዜው ይመረመራል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ የሚወድቅም የማይሰማም እንደ ሆነ ሁለቱን ለሐኪም በአንድነት ንገሩ፤ ኵላሊቱም እንዲታይ ጠይቁ። በዘመድ መካከል የደነቈረ ወይም በኵላሊት የታመመ ቢኖር አትደብቁ። የተሸሸገ ዕዳ ወራሹን እንደሚጐዳ፣ የተሸሸገ ደዌም ልጅን ይጐዳልና።