ቃሬዛ የሚሸከም ትከሻ በውድድር ይጠነክራል

የጤናማ አካል ጥቅም ለአራሹ ገበሬ እንግዳ ነገር አይደለም። እርፍ የሚጨብጥ ክንድ፣ ነዶ የሚሸከም ትከሻና ዳገት የማይበግረው ጉልበት የገጠሩ ኑሮ ምሰሶዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ጉልበት ያለው ወጣት ሁሉ ከጓደኛው ጋር እኩል መራመድን፣ የደከመውን መጠበቅንና በአንድ ድምፅ መታዘዝን ያውቃል ማለት አይደለም። ይህ በልምምድ የሚገኝ ችሎታ ነው። ልምምዱም ወጣቱ በሚወደው መንገድ፣ ይኸውም በውድድር ሊሰጥ እንደሚችል በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚሠራበት የወጣት ካዴቶች ፕሮግራም ያስረዳል።

ይህ ፕሮግራም የተቋቋመው በ1908 ዓ.ም. በወጣው የአገሪቱ የመከላከያ ሕግ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 18 የሆነ ወንዶችና ሴቶች ተማሪዎች ይካፈሉበታል። ከሚማሯቸውም መካከል የዜግነት ግዴታ፣ አመራር፣ የመጀመሪያ እርዳታና የአካል ብቃት ይገኙበታል። ሥልጠናውን የጨረሰ ወጣት ወታደር የመሆን ግዴታ ባይኖርበትም፣ ፕሮግራሙ ተማሪዎችን ወደ ጦር ሠራዊት ይስባል የሚል ትችት በአገሩ ውስጥ ይሰነዘርበታል። ስለሆነም ለገጠር ወጣቶች ትምህርት የሚሆነው ወታደራዊው በኩል ሳይሆን የውድድሩ አሠራር ነው።

«ሬይደር» በሚባለው የካዴቶች ውድድር አንድ ቡድን አብዛኛውን ጊዜ ከስምንት እስከ አሥር አባላት ይኖሩታል። ወንዶች ለብቻ፣ ሴቶች ለብቻ፣ እንዲሁም ሁለቱም ተቀላቅለው ይወዳደራሉ። ቡድኑ 5 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ በሁለት ምሰሶዎች መካከል ገመድ ወጥሮ አባላቱን አንድ በአንድ ካሻገረ በኋላ ገመዱን ፈትቶ ይዞ ይሄዳል፤ ክብደት የተጫነበት ቃሬዛም ተሸክሞ አባጣ ጎርባጣ መሬት ያቋርጣል። የውድድሩ ዋና ሕግ አንድ ነው። ሰዓቱ የሚቆመው የቡድኑ የመጨረሻ አባል ሲገባ ነው። ስለዚህ ፈጣኑ ብቻውን ቀድሞ ቢደርስ ለቡድኑ የሚያተርፍለት ነገር የለም። ወደ ኋላ ተመልሶ የደከመውን ማበረታታት፣ ሸክሙን መቀበል ግድ ይሆንበታል።

ይህ አሠራር ለገበሬው አዲስ አይሆንበትም። ጥማድ በሬ የሚያርሰው በዘገምተኛው በሬ እርምጃ እንደሆነ ያውቃል። በደቦ አጨዳም ፊት ለፊት የሄደው ዞሮ የቀረውን ያግዛል እንጂ ጥላ ሥር አይቀመጥም።

ከሁሉ በላይ ግን የቃሬዛው ውድድር ልብ ሊባል ይገባል። መኪና በማይገባባቸው ቀበሌዎች ምጥ የጠናባት እናትም ሆነች ከዛፍ የወደቀ ልጅ እስከ ጤና ጣቢያ ወይም እስከ መኪና መንገድ የሚደርሱት በጎረቤት ትከሻ ነው። ተሸካሚዎቹ እርምጃቸው ካልገጠመ በሽተኛው ይንገላታል። ሲቀያየሩ ቃሬዛውን መሬት ባስቀመጡ ቁጥር ጊዜ ይባክናል። አንዱ ቁልቁለት ላይ ቢያዳልጠው ጉዳቱ ለሁሉም ይተርፋል። ይህ ሁሉ መለመድ ያለበት በሽተኛ ከመምጣቱ በፊት ነው፤ በሌሊትና በዝናብ የሚማሩት ነገር አይደለም።

ለልምምዱ ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ሁለት የባሕር ዛፍ አጠና፣ ጠንካራ ገመድ፣ አሸዋ የተሞላ ጆንያና የተደለደለ የግጦሽ ሜዳ ይበቃሉ። ሸክሙ በሩብ ኩንታል ተጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ግማሽ ኩንታል ከፍ ሊል ይችላል። ዕድሜያቸው 18 ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ግን ያለ ሸክም ቢሮጡ ይሻላል። ሰውነትን አስቀድሞ ማፍታታት፣ ጠዋት በፀሐይ ሳይሞቅ መጀመርና የመጠጥ ውኃ ማዘጋጀት የሚዘነጉ አይደሉም። በሽተኛን በቃሬዛ ላይ ስለማስተኛት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እንድታሳይ መጠየቅም ይጠቅማል። ጊዜው እርሻና አጨዳ ፋታ የሚሰጡበት ወቅት ቢሆን ሥራ አይበደልም።

አንድ ጥንቃቄም አለ። ጎጥ ከጎጥ ተለይቶ ሲጋጠም ጨዋታው ወደ ቂም ሊዞር ይችላል። ስለዚህ በየቡድኑ ከልዩ ልዩ ጎጦች የመጡ ወጣቶችን መደባለቅ፣ ልጃገረዶችንም ማሳተፍ፣ ዳኝነቱን ለተከበሩ ሽማግሌዎች መስጠት ይበጃል። ሽልማቱም ከገንዘብ ይልቅ ዶማ ወይም አካፋ ቢሆን ለሁሉም ይተርፋል።

የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ሜዳውን ከለዩ፣ ቀኑን ከቆረጡና ሕጉን ካስረዱ የቀረውን ወጣቱ ራሱ ይወጣዋል። የልፋቱ ዋጋም የሚታወቀው በውድድሩ ቀን ብቻ አይደለም። አንድ ሌሊት የድረሱልን ጩኸት ሲሰማ፣ ስምንት ወጣቶች ሳይጨቃጨቁ ቃሬዛውን አንሥተው በአንድ እርምጃ ሲወጡ ያን ጊዜ ይታያል።